በሃሪኬን ምክንያት መብራት ሲጠፋ፦ በማሽን የሚተነፍስ ሰው ያለበት ቤት ከማን ምን እርዳታ ያገኛል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በቴክሳስ ሂዩስተን ከ74 ዓመት እናታቸው ጋር ይኖራሉ። እናትየው ሌሊትም ቀንም በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን ከኤሌክትሪክ ማሽን ይወስዳሉ፤ የስኳር ሕመም ስላለባቸውም ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጁላይ 2024 ቤሪል የተባለችው ሃሪኬን በመጣች ጊዜ ለአምስት ቀናት መብራት ጠፍቶባቸው እናታቸውን ከአንዱ ወዳጅ ቤት ወደ ሌላው ሲያዞሩ ከርመዋል። አሁን የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ የትኛውን መሥሪያ ቤት ልጥራ? የመብራት ኩባንያው ታማሚ እንዳለን ቢያውቅ ቀድሞ ይቀጥልልናል? ወይስ ማዕበሉ ሳይደርስ ከተማውን ለቅቀን መውጣት ይሻለናል?

ከመካከለኛው ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ ቤተሰብ ተስፋውን የሚጥለው እዚያ ላይ ነውና። ኩባንያው ማወቁ ይጠቅማል፣ ቀድሞ እንዲቀጥልልዎት ግን ዋስትና አይሆንም። በቴክሳስ ሕይወቱ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተመሠረተ ሰው ያለበት ቤት ሐኪም በሚፈርምበት ቅጽ አማካይነት «ክሪቲካል ኬር» ተብሎ፣ መብራት ቢቋረጥበት ሕመሙ የሚባባስ ሰው ያለበት ደግሞ «ክሮኒክ ኮንዲሽን» ተብሎ ይመዘገባል። የምዝገባው ትልቁ ጥቅም ከሂሳብ ክፍያና ከታቀደ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ማስጠንቀቂያ ማስገኘቱ ነው። ሃሪኬን ምሰሶና ማስተላለፊያ መስመር ሲጥል ግን ጥገናው የሚጀምረው ከዋናው መስመርና ከማከፋፈያ ጣቢያው ነው፤ ከዚያ ሆስፒታሎችና የውኃ ማጣሪያዎች ይከተላሉ፣ የአንድ ቤት ተራ የሚደርሰው የሰፈሩ መስመር ሲደርስ ነው። የምዝገባው ደንብ ራሱ ያልተቋረጠ ኃይል እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ይመዝገቡ፣ የሚያበቃበትን ቀን ጽፈው ያስቀምጡና ያሳድሱ፣ ነገር ግን የእናትዎን ትንፋሽ በዚያ ወረቀት ላይ አይስቀሉት።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። የምሠራው በሕብረተሰብ ጤና ዘርፍ በአደጋ ዝግጁነት ላይ ነው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ደግሞ ከነፋሱ ይልቅ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ያለው ጨለማ ብዙ ሰው እንደሚወስድ ደጋግመን አይተናል። ማሪያ የተባለችው ሃሪኬን ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ፖርቶ ሪኮን ስትመታ መጀመሪያ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 64 ነበር። በኋላ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እስከ ፌብሩዋሪ 2018 ያለውን የሞት መዝገብ መርምረው፣ በደህናው ጊዜ ሊሞት ይችል ከነበረው ቁጥር በላይ 2,975 ሰዎች እንደ ሞቱ ገመቱ፤ የደሴቲቱ መንግሥትም ይህንኑ ቁጥር ተቀበለ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በጣራ መውደቅና በጎርፍ አይገለጽም፤ መብራት፣ ውኃ፣ መንገድና ሕክምና ለወራት በተቋረጡበት ኑሮ ውስጥ ቀስ ብሎ የመጣ ሞት ነው። መብራቱ ለመጨረሻዎቹ ቤቶች እስኪመለስ 11 ወር ገደማ ወስዷል። እናንተን የመታችው ቤሪልም ጁላይ 8 ቀን 2024 ማታጎርዳ አጠገብ ስትገባ ምድብ 1 ብቻ ነበረች፤ ይሁንና ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን በበጋው ሙቀት መካከል ያለ ኃይል አስቀርታለች። የማዕበሉ ምድብ የሚለካው በነፋሱ ፍጥነት ነው፤ ስንት ቀን በጨለማ እንደምንቀመጥ አይነግረንም።

ለዚህ ነው ምክሬ ስልክ ቁጥር ከመሰብሰብ የማይጀምረው። መጀመሪያ ሰዓት ይቁጠሩ። ቤት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር መብራት ከጠፋ በኋላ ስንት ሰዓት ይቆያል? መልሱን ሲያውቁ ማንን፣ መቼ መጥራት እንዳለብዎት በራሱ ይገለጣል።

የእናትዎ ኦክስጅን የመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ አጭሩም እሱ ነው። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው የኦክስጅን ማሽን አየር ስቦ ኦክስጅኑን ያጣራል እንጂ ውስጡ የተጠራቀመ ነገር የለውም፤ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ይቆማል። መተኪያው ሲሊንደር ነው። በብዛት ለቤት የሚሰጠው «ኢ» የሚባለው መጠን ሲሞላ 680 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 2 ሊትር ያለማቋረጥ ሲወሰድ 5 ሰዓት ተኩል ያህል ያቆያል፤ መጠባበቂያ ትተን 5 ሰዓት እንበለው። ለአንድ ሙሉ ቀን አምስት ሲሊንደር፣ ለሦስት ቀን ደግሞ አሥራ አምስት ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስሌት ሲሰማ ይደነግጣል፤ ቤቱ ያለው አንድ ወይም ሁለት ነውና። እስትንፋስ ሲሳብ ብቻ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ቁጠባውን ከፍ ያደርገዋል፤ እሱ ለእናትዎ ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ በተለይ ሲተኙ፣ የሚወስነው ግን ሐኪማቸው ነው። እንዲሁም መብራት እስኪመጣ መጠኑን መቀነስ ይቻል እንደ ሆነ ሐኪሙን ዛሬ ይጠይቁ፣ መልሱንም አስጽፈው ይያዙ። በጨለማ ቤት በግምት መቀነስ አደገኛ ነው።

ተሞይ ባትሪ ገዝተን እንገላገል የሚሉም አሉ። በደቂቃ እስከ 5 ሊትር የሚሰጥ የቤት ማሽን በአብዛኛው ከ300 እስከ 350 ዋት ይወስዳል። «1,000 ዋት ሰዓት» ተብሎ የሚሸጥ ትልቅ ባትሪ በመቀየር የሚባክነው ሲቀነስ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው የሚይዘው። ይህ ማሽን ሳይቆም ሲሊንደር ለመቀየር ወይም ወደ መኪና ለመድረስ የሚረዳ ድልድይ ነው፤ ሌሊትን አያሻግርም። በትከሻ የሚያዘውና ከመኪና የሚሞላው ትንሹ ማሽን የተሻለ ነው፣ እሱም ቢሆን ባትሪው በሰዓታት የሚቆጠር ስለሆነ ትርፍ ባትሪ ይፈልጋል። እንቅልፍ ላይ ብቻ የመተንፈሻ ግፊት ማሽን ለሚጠቀም ሰው ጉዳዩ ይቀላል፤ የእርጥበት ማሞቂያው ከጠፋ ማሽኑ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ለኦክስጅን አቅራቢው ድርጅት ነው፤ የሚደወለውም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ትርፍ ሲሊንደር ያመጣሉ ወይ፣ ስንት ሰዓት ቀድመው፣ መንገድ ተዘግቶ ማምጣት ቢያቅታቸው ደግሞ ደንበኛውን የት ይልኩታል። ልብ ይበሉ፣ ማስጠንቀቂያ ከወጣ በኋላ የሚደውለው እርስዎ ብቻ አይደሉም። የማዕበሉ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሚዘልቅ ሲሆን የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ ይህ ውይይት በሜይ ቢያልቅ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ስልክ 211 ነው። በቴክሳስ በዚህ ቁጥር ስቴር በተባለው የክልሉ የአስቸኳይ እርዳታ መዝገብ ውስጥ በነፃ መመዝገብ ይቻላል፤ አካል ጉዳተኞች፣ የሕክምና መሣሪያ የሚጠቀሙ፣ መኪና የሌላቸው ሰዎች ያሉበትን የአካባቢው አስተዳደር በቅድሚያ እንዲያውቅ ያደርጋል። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። ይህም እንደ መብራት ኩባንያው መዝገብ ለመምጣታቸው ዋስትና አይሰጥም፤ ነገር ግን የመልቀቂያ ትእዛዝ ቢወጣ ትራንስፖርት የሚያስተባብር ሰው እናትዎ በዊልቸር ወይም በኦክስጅን እንደሚጓዙ አስቀድሞ ያውቃል። ፍሎሪዳ ውስጥ ላሉ አንባቢዎች ተመሳሳዩ የልዩ ፍላጎት መዝገብ ነው፤ ልዩ ፍላጎት ላላቸው በተዘጋጀ መጠለያ ቦታ የሚያዘውም በዚያ በኩል ነው። በፌዴራል ደረጃም የጤና መሥሪያ ቤቱ ሜዲኬር በተባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የሚታከሙና በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚኖሩ ሰዎች በየአካባቢው ስንት እንደ ሆኑ የሚያሳይ ኤምፓወር የተባለ መረጃ አለው፤ ይህ ለባለ ሥልጣናት ማቀጃ እንጂ ቤተሰብ የሚመዘገብበት አይደለም። «ሜዲኬር ያውቀናል» ብሎ ሌላውን መተው ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ሰዎች ስለ ማሽኑ ሲጨነቁ ክፍሉን ይረሱታል። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ ፍሎሪዳን ስትመታ በሆሊውድ ከተማ የአንድ አረጋውያን መንከባከቢያ የአየር ማቀዝቀዣ ኃይል አጣ። መብራቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር፤ አምፖሉ ይበራል፣ ማቀዝቀዣው ግን ቆሟል። 12 አረጋውያን ሞቱ፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ በ2018 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያሉ ተቋማት ለ96 ሰዓት የክፍሉን ሙቀት ከ81 ዲግሪ ፋራናይት (27 ሴልሺየስ) በላይ እንዳያልፍ የሚያስችል ጄነሬተር እንዲኖራቸው አስገደደች። በበጋ በሚመጣ ማዕበል፣ መስኮቱ በተዘጋ ቤት፣ ያ ቁጥር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታለፋል።

አረጋዊ ሰው ጥማት ብዙም አይሰማውም፣ ላብ ያንሰዋል፣ አንዳንድ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶችም ውኃ ያስወጣሉ። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ማለታቸውን አይመኑ፤ ቴርሞሜትር ክፍሉ ውስጥ ይስቀሉና ቁጥሩን ይመኑ። የክፍሉ ሙቀት ከ90 ዲግሪ ፋራናይት (32 ሴልሺየስ) ሲያልፍ ማራገቢያ ሞቃት አየር ሰውነት ላይ ከመንፋት በቀር ብዙም አይረዳም። እርጥብ ጨርቅ አንገትና ብብት ላይ ማድረግ፣ በለብታ ውኃ ማጠብ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት እንኳ ቀዝቃዛ ቦታ መዋል የበለጠ ይሠራል። ከተማው የሚከፍታቸውን የማቀዝቀዣ ማዕከላት በ211 ወይም በሂዩስተን በ311 ይጠይቁ፤ ኦክስጅን ይዞ መግባት ይቻል እንደ ሆነም አብረው ይጠይቁ። እናትዎ ንግግራቸው ከተምታታ፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ፣ ቆዳቸው ከጋለ፣ ከዚያ በኋላ መጠበቅ የለም፤ 911 ይደውሉና አምቡላንስ እስኪደርስ በውኃ ያቀዝቅዟቸው። ግራ መጋባት በሙቀት የተጎዳ አንጎል ምልክት ነው፤ በእርጅና ወይም በድካም አይመካኝ።

ቀጥሎ ያለው ሰዓት ሳይሆን ደቂቃ ነው። ጄነሬተር ለመግዛት ካሰቡ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ሎራ የተባለችው ሃሪኬን ኦገስት 27 ቀን 2020 ሉዊዚያናን ከመታች በኋላ በግዛቱ ከሞቱት ብዙዎቹ የሞቱት በጄነሬተር ጭስ ውስጥ ባለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በአንድ ቤት የነበሩ የቤተሰብ አባላት አብረው ያለቁበት አጋጣሚም አለ። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። አንድ ተንቀሳቃሽ ጄነሬተር የመቶዎች መኪና ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ጋራዡን በር ገርበብ ማድረግ፣ መስኮት መክፈት ወይም ማራገቢያ ማስነሳት አያድንም። ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ (6 ሜትር) ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከበርና ከመስኮት፣ ከጎረቤትም መስኮት ዞሮ ይቀመጣል። ሰዎች ወደ ውስጥ የሚያስገቡት አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ሲመጣ ወይም እንዳይሰረቅ ፈርተው ነው፤ ስለዚህ ለዝናቡ የሚሆን መጠለያና ሰንሰለት ከጄነሬተሩ ጋር አብረው ይግዙ። የከሰል ማንደጃ፣ የጋዝ ምድጃና በጋራዥ ውስጥ የሚሞቅ መኪናም ያው ናቸው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በመኝታ ክፍሉ አጠገብ ይሁን።

ለእናትዎ በተለይ አንድ ነገር ልጨምር፣ በመመሪያ ወረቀቶች ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝምና። ኦክስጅን የሚወስዱ ሰዎች በጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ ቤታቸው አለ። ተራዋ መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመውን ደም ኦክስጅን ከተሸከመው ለይታ አታውቅም፤ ሰውየው እየተመረዘ ሳለ 97 ወይም 98 ልታሳይ ትችላለች። ስለዚህ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ቤት ውስጥ ባሉት ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ፣ በተለይም ትኩሳት ሳይኖር፣ መለኪያዋን ወደ ጎን ትተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡና 911 ይደውሉ። ምክር ብቻ ከፈለጉ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ 1-800-222-1222 ሌሊትና ቀን ይመልሳል። ጄነሬተሩንም በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር አያስገቡት፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ሄዶ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። መሣሪያው በቀጥታ በገመድ ይሰካ፣ አለዚያ በባለሙያ የተገጠመ መቀያየሪያ ያስፈልጋል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሻማ አይለኮስም፤ የእጅ ባትሪ ይበቃል።

ኢንሱሊኑ ግን ከሚያስጨንቅዎት ያነሰ ነው። ያልተከፈተው በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የተከፈተም ሆነ ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ውስጥ እስከ 28 ቀን ሊሠራ ይችላል። ችግሩ በበጋ ያለ ማቀዝቀዣ የቤቱ ሙቀት ራሱ ከ30 ማለፉ ነው። በቀዝቃዛ ሣጥን ይያዝ፣ በረዶው ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ ኢንሱሊኑ በረዶ እስኪሆን ከቀዘቀዘ ይጣላል። ሙቀት የመታው ኢንሱሊን ብቻ በእጅዎ ካለ ጨርሶ ከማቆም እሱን መጠቀም ይሻላል፤ ሆኖም ኃይሉ ሊቀንስ ስለሚችል ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ይለኩ፣ አዲስ እንዳገኙም ይቀይሩት። ስንቅ ሲይዙ መርፌና የመለኪያ ወረቀት አይርሱ።

መድኃኒት ቢያልቅስ? የአደጋ አዋጅ በታወጀበት ጊዜ የቴክሳስ ፋርማሲስት ሐኪሙን ማግኘት ባይችል እንኳ ለብዙዎቹ መድኃኒቶች እስከ 30 ቀን የሚበቃ ሊሰጥ ይችላል፤ ፍሎሪዳም ተመሳሳይ ሕግ አላት። ባዶውን ብልቃጥ ወይም የመድኃኒቱን ፎቶ ይዘው ይሂዱ። የትኛው ፋርማሲ ክፍት እንደ ሆነ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ አርኤክስኦፕን የተባለው ካርታ ያሳያል። የጤና ኢንሹራንስ ለሌላቸው ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የአስቸኳይ መድኃኒት እርዳታ ፕሮግራሙን ለዚያ አደጋ ከከፈተ የጠፋ ወይም የተበላሸ መድኃኒትን፣ አንዳንድ መሣሪያንም ጭምር ያለ ክፍያ ይተካል፤ ስልኩ 1-855-793-7470 ነው። የእናትዎ የኦክስጅን ማሽን በጎርፍ ከተበላሸና ሜዲኬር ካላቸው 1-800-633-4227 ደውለው ስለ መተኪያው ይጠይቁ።

ምግቡንና ውኃውን በአጭሩ ልለፈው። በሩ ሳይከፈት ማቀዝቀዣ 4 ሰዓት፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ምግብ ይጣላል፣ ቀምሶ መፈተሽ የለም። ስናፕ የተባለው የመንግሥት የምግብ እርዳታ ተጠቃሚ ከሆኑ የተበላሸውን ምግብ በ10 ቀን ውስጥ ካስታወቁ ምትክ ሊሰጥዎት ይችላል። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ይቆጠራል፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን። የመብራት መጥፋት የውኃ ፓምፖችን ሲያቆም በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ቆሻሻም ሊገባ ስለሚችል «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፤ በሚገባ ከፈላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ማፍላት ካልተቻለ ሽታ የሌለው የቤት በረኪና በአንድ ጋሎን ንጹሕ ውኃ 8 ጠብታ ጨምሮ 30 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ውኃው ከደፈረሰ እጥፍ። ቤንዚን ወይም ኬሚካል የነካውን ውኃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያነጻውም። ችግሩ በቀናት ያልቃል ብሎ መገመት ሁልጊዜ አይሠራም፤ በ2024 ከሄሊን በኋላ በሰሜን ካሮላይናዋ አሽቪል ከቧንቧ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ የተመለሰው በ53ኛው ቀን ነበር።

አንባቢዎች መካከል የኩላሊት እጥበት የሚከታተል ሰው ሊኖር ስለሚችል አንድ ነገር ብቻ ልጣል። ማዕከላት ማዕበል ሲጠበቅ ቀጠሮ ቀድመው ያደርጋሉ፤ ጥሪው ሲመጣ እሺ ማለት ያስፈልጋል። ማዕከሉ ቢዘጋ የሚከተሉት ለሦስት ቀን የተዘጋጀ፣ ፖታሲየሙ፣ ጨውና ፈሳሹ የተቀነሰ የምግብ ዕቅድ አለ፤ አሁኑኑ ከማዕከሉ የምግብ ባለሙያ ወስደው ይያዙት።

ወደ መጠለያ መሄድ ያስፈልግ ይሆን? ተራ መጠለያ አልጋ፣ ምግብና አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ያለው ቦታ ነው፤ ነርስ ሊኖር ይችላል፣ ኦክስጅን ግን ይኖራል ብለው አይሂዱ። አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት መመለስ አይፈቀድም፤ በሩ ላይ ሲደርሱ «እናቴ በኤሌክትሪክ ኦክስጅን ነው የሚተነፍሱት» ብለው ወዲያው ይናገሩ፣ ሶኬት አጠገብ ቦታ ይጠይቁ። በመጠለያ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ትንሽ ጥፋት አለ፦ ማሽኑ ይመጣል፣ የኃይል ገመዱ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰካ ቤት ይቀራል። ትርፍ ገመድ ገዝተው ቦርሳው ውስጥ ቢተዉት ጥሩ ነው፤ ከመድኃኒት ዝርዝር፣ ከሐኪሙ ስልክና ከማሽኑ ሞዴል ቁጥር ጋር።

ሆስፒታልን ከመጠለያ ጋር አያምታቱት። ከቤሪል በኋላ በሂዩስተን ታካሚዎች ሕክምናቸው አልቆ ሳለ የሚመለሱበት ቤት መብራት ስላልነበረው አልጋ አልለቀቁም፤ ባለ ሥልጣናት 250 አልጋ በኤንአርጂ አሬና እስከ ማዘጋጀት ደርሰው ነበር። ሲሊንደሩ ሊያልቅ 2 ሰዓት ከቀረና ሌላ መንገድ ከሌለ ግን አያመንቱ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው የሌሎቹ አማራጮች ጊዜ።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ብዙዎችን ያስፈራል። መጠለያ፣ ምግብ፣ ውኃና የአስቸኳይ ሕክምና ለማግኘት የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠየቅም። ፌማ የተባለው የፌዴራል የአደጋ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ ግን የዜግነት ወይም የሕጋዊ ነዋሪነት መስፈርት አለው፤ በቤቱ ውስጥ መስፈርቱን የሚያሟላ አንድ ሰው፣ ሕፃን ልጅም ቢሆን፣ ካለ በእሱ ስም ማመልከት ይቻላል። ስልኩ 1-800-621-3362 ነው፤ ማመልከቻው በአብዛኛው አዋጁ ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ለሕክምና መሣሪያ ሲባል በአደጋው ጊዜ የተገዛ ጄነሬተር ሊካካስ ስለሚችል ደረሰኙንና መሣሪያው አስፈላጊ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይያዙ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው፣ በእነዚህ ስልኮች ላይ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ብሎ መስመሩን ሳይዘጉ መጠበቅ ይበቃል። ልጆች ለወላጆቻቸው ሕክምና አስተርጓሚ እንዲሆኑ መገደድ የለባቸውም። ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሲሆንም 1-800-985-5990 የአደጋ ጊዜ የምክር መስመር ነው፤ እሱም በአስተርጓሚ ይሠራል። አስታማሚም ሰው ነውና ይህን ቁጥር ለራስዎም ይያዙት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልመለስ። ከተማውን መልቀቅ የራሱ አደጋ አለው። ሴፕቴምበር 2005 ሪታ ስትጠበቅ ከሂዩስተን አካባቢ 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጥቶ በሙቀት ውስጥ ለረጅም ሰዓታት ቆመ፤ ከአረጋውያን መንከባከቢያ የወጡ ሰዎችን የጫነ አውቶቡስ በዳላስ አቅራቢያ እሳት ተነስቶበት፣ በውስጡ የነበሩት የኦክስጅን ሲሊንደሮችም ቃጠሎውን አባብሰውት 23 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ እናትዎን ይዞ መውጣት ጥሩ የሚሆነው ቀድሞ ሲሆን ነው። የእኔ ምክር እንዲህ ነው፦ ቤትዎ የማዕበል ጎርፍ በሚደርስበት የመልቀቂያ ክልል ውስጥ ከሆነ ትእዛዙ ሲወጣ ውይይት የለም፣ ይውጡ። ክልሉ ውስጥ ካልሆኑ ደግሞ ውሳኔውን በሲሊንደር ቁጥር ያድርጉት። ማዕበሉ ይገባል ከተባለበት ሰዓት 72 ሰዓት ሲቀረው ለሦስት ቀን የሚበቃ ኦክስጅን ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ወይም ከቤት ውጭ በደህና የሚሠራ ጄነሬተርና ነዳጅ ከሌለ፣ አቅራቢውን «የምሄድበት ከተማ ላይ ማሽን ወይም ሲሊንደር ማን ይሰጠኛል?» ብለው ይጠይቁና በዚያው ቀን ይነሡ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ የገባና መብራት ያለው የሆቴል ክፍል ወይም የወዳጅ ቤት ይበቃል። በመኪናው ውስጥ ሲሊንደሮቹ ተጋድመውም ሆነ ቆመው እንዳይንቀሳቀሱ ይታሰሩ፣ መስኮቱ ትንሽ ይከፈት፣ ማንም አያጭስ፤ ለመንገዱ ከታሰበው ጊዜ እጥፍ የሚበቃ ኦክስጅን ይያዝ። ይህን የያዘ አንድ ወረቀት ከማሽኑ ጎን ይለጥፉ፦ የአቅራቢው ስልክ፣ 211፣ የሐኪሙ ስልክ፣ የሲሊንደሮቹ ብዛት፣ እያንዳንዱ የሚቆይበት ሰዓት።